የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች በመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት፦ የድኅረ ምረቃ ሥልጠናው ይዘትና ለተገልጋዩ ያለው ትርጉም

መግቢያ

የወገብ፣ የአንገት፣ የትከሻና የጉልበት ሕመምን የመሳሰሉ የአጥንት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ችግሮች ሰዎችን ወደ ጤና ተቋማት ከሚያመላልሱ ምክንያቶች መካከል ይጠቀሳሉ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በዓለም ላይ 1.71 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ከእነዚህ ችግሮች ጋር ይኖራሉ። በእንግሊዝ ሀገር ደግሞ የቤተሰብ ሐኪሞች ከሚያስተናግዷቸው ታካሚዎች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት የሚመጡት በዚሁ ምክንያት እንደሆነ የሀገሪቱ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ይገልጻል።

ይህን ጫና ለማቃለል እንግሊዝ ከወሰደቻቸው እርምጃዎች አንዱ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን በቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮች ውስጥ መመደብና ታካሚው ሐኪም ሳያየው በቀጥታ እነርሱ ዘንድ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። አሠራሩ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሣል። ሐኪም ያላየውንና የሕመሙ ምንነት ያልታወቀለትን ሰው በቅድሚያ ለመቀበል ባለሙያው ምን ተጨማሪ ብቃት ሊኖረው ይገባል?

ይህ ጽሑፍ የእንግሊዝን አሠራር መነሻ በማድረግ የሥልጠናውን ደረጃዎች፣ የባለሙያውን የሥራ ድርሻና ወሰን እንዲሁም ተገልጋዩ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያብራራል። በእንግሊዝ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በሙያው ለመሠልጠን ለሚሹ ባለሙያዎችና ስለ ፊዚዮቴራፒ አገልግሎት መረጃ ለሚፈልጉ ተገልጋዮች ሁሉ ያገለግላል።

የመጀመሪያ ተቀባይ ፊዚዮቴራፒስት ማን ነው?

በተለመደው አሠራር ታካሚው በቅድሚያ ሐኪም ያየዋል፤ ሐኪሙ የሕመሙን ምንነት ከለየ በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ይልከዋል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም የአካል ብቃት እንቅስቃሴን፣ የእጅ ሕክምናን፣ ምክርንና ሌሎች ዘዴዎችን በመጠቀም ታካሚው ወደ ቀድሞ እንቅስቃሴው እንዲመለስ ያግዛል።

የመጀመሪያ ተቀባይ ፊዚዮቴራፒስት የሥራ ድርሻ ከዚህ ይለያል። ዋነኛ ተግባሩ ታካሚውን ማነጋገር፣ አካላዊ ምርመራ ማድረግ፣ የሕመሙን ምንነት መለየትና ቀጣዩን እርምጃ መወሰን ነው። ምክርና የሚሠራ እንቅስቃሴ ሰጥቶ ሊያሰናብት፣ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ሊያዝ፣ ወደ መደበኛ የፊዚዮቴራፒ ክትትል ሊመራ ወይም ጉዳዩ አሳሳቢ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ሐኪም አለዚያም ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሊልክ ይችላል። ለሳምንታት የሚዘልቅ ተከታታይ ሕክምና መስጠት ግን በአብዛኛው የእርሱ ድርሻ አይደለም።

አሠራሩ እንዴት ተስፋፋ?

በእንግሊዝ የፊዚዮቴራፒ ሙያ ረጅም ታሪክ አለው። ዛሬ የቻርተርድ ፊዚዮቴራፒ ማኅበር በመባል የሚታወቀው የሙያ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ባለሙያዎቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በራሳቸው የሙያ ውሳኔ የመሥራት መብት ያገኙት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ይህ መብት ኖሮም ቢሆን በመንግሥት የጤና ተቋማት ውስጥ አብዛኛው ታካሚ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚደርሰው በሐኪም በኩል ነበር።

ለውጡ የተፋጠነው እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ይፋ የሆነው የብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ የረጅም ጊዜ ዕቅድ፣ ታካሚዎች በቀጥታ የሚያገኟቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እንዲበዙ ካመለከተ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር፣ በአንድ አካባቢ የሚገኙ የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮችን የሚያቀናጁ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ጥምረቶች ሥራ ጀመሩ። እያንዳንዱ ጥምረት በአብዛኛው ከ30,000 እስከ 50,000 ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት ይሰጣል። ከሚያዝያ 2020 አንሥቶም ጥምረቶቹ የመጀመሪያ ተቀባይ ፊዚዮቴራፒስት ሲቀጥሩ የደመወዝ ወጪያቸው ከመንግሥት በጀት የሚሸፈንበት አሠራር ተግባራዊ ሆነ።

እዚህ የተጠቀሰው አደረጃጀት የእንግሊዝ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው የጤና አስተዳደር ስላላቸው ዝርዝር አሠራራቸው ይለያል።

የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን የማይበቃው ለምንድን ነው?

በሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ የሚቀበለው ታካሚ በአመዛኙ አስቀድሞ ተጣርቶ የመጣ ነው። የስብራት፣ የካንሰር፣ የኢንፌክሽን ወይም የልብ ሕመም ጥርጣሬ ካለ ከእርሱ በፊት የነበረው ሐኪም አይቶታል ተብሎ ይታሰባል። በመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ግን ይህ ማጣሪያ የለም፤ ማጣሪያው ራሱ ባለሙያው ነው።

ችግሩን በጥቂት ምሳሌዎች ማስረዳት ይቻላል። ትከሻዬን አመመኝ ብሎ የመጣ ሰው የሕመሙ ምንጭ የትከሻ ጅማት ሊሆን ይችላል፤ ልብ፣ ሳንባ ወይም ሐሞት ከረጢት ሊሆንም ይችላል። ባቴን አመመኝ ያለ ሰው ጡንቻው ተሰንጥቆበት ይሆናል፤ በእግሩ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶበትም ሊሆን ይችላል። በድንገት ያበጠና የሚያቃጥል ጉልበት የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ቢችልም፣ በሰዓታት ውስጥ ሕክምና የሚሻ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆንም ይችላል። በአንደኛው ሁኔታ እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው፤ በሌላው መዘግየት ሕይወትን ወይም አካልን ያሳጣል።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ሥልጠናው ዋነኛ ዓላማ ለባለሙያው አዳዲስ የእጅ ሕክምና ዘዴዎችን መጨመር አይደለም። ዓላማው ከሙያው ውጪ የሆነውን ሕመም በጊዜ እንዲያውቅ፣ እርግጠኛ ባልሆነበት ጉዳይ በጥንቃቄ እንዲወስንና ታካሚውን ለሚመለከተው ክፍል ሳይዘገይ እንዲያስተላልፍ ማብቃት ነው።

ወደ ሥልጠናው ለመግባት የሚያስፈልጉ መመዘኛዎች

በእንግሊዝ ወደዚህ የሥራ መስክ የሚገባ ባለሙያ በቅድሚያ የሚከተሉትን ማሟላት ይጠበቅበታል።

1. በፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ትምህርት ያለው፤

2. በጤናና ክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት የተመዘገበ። «ፊዚዮቴራፒስት» የሚለው የሙያ መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ በዚህ ምክር ቤት ያልተመዘገበ ሰው በመጠሪያው ሊጠቀም አይችልም፤ ምዝገባውም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤

3. ከምረቃ በኋላ በሙያው የበርካታ ዓመታት ልምድ ያለው። አዲስ ተመራቂ በቀጥታ በዚህ ቦታ ላይ አይመደብም፤

4. በአጥንት፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ሕክምና በማስተርስ ደረጃ የሚመጠን ዕውቀትና ክህሎት ያለው፤

5. ለሥራው የሚያስፈልግ የሙያ ኃላፊነት መድን ያለው።

የማስተርስ ደረጃ የሚለው አነጋገር ማብራሪያ ይሻል። በእንግሊዝ የትምህርት ደረጃ አከፋፈል የመጀመሪያ ዲግሪ የመጨረሻ ዓመት ደረጃ 6፣ ማስተርስ ደረጃ 7፣ ዶክትሬት ደግሞ ደረጃ 8 ነው። የመጀመሪያ ተቀባይ ፊዚዮቴራፒስት ሙሉ የማስተርስ ዲግሪ እንዲይዝ አይገደድም። የሚጠየቀው በደረጃ 7 የሚመጠን የአስተሳሰብና የሥራ ብቃት እንዳለው በማስረጃ ማሳየት ነው።

የሥልጠናው ሁለት ምዕራፎች

ሥልጠናውን የሚመራው በቀድሞው የእንግሊዝ ጤና ትምህርት ተቋም የተዘጋጀው ፍኖተ ካርታ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ ጋር ተዋሕዷል። ፍኖተ ካርታው ሥልጠናውን በሁለት ምዕራፎች ይከፍለዋል።

ምዕራፍ አንድ፦ ዕውቀትና ክህሎትን ማረጋገጥ። ይህ ምዕራፍ ባለሙያው በመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ውስጥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲጠናቀቅ የታሰበ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የብቃት ማዕቀፍ ሲሆን፣ ማዕቀፉ 14 ብቃቶችን በአራት ዘርፎች ይዘረዝራል። ዘርፎቹም ሰውን ማዕከል ያደረገ አቀራረብ፤ ምርመራና የሕመምን ምንነት መለየት፤ ሕመምን መቆጣጠርና መከላከል፤ እንዲሁም አገልግሎቱንና ሙያውን ማሳደግ ናቸው። ባለሙያው እያንዳንዱን ብቃት የሚያሳዩ ማስረጃዎችን በማኅደር አደራጅቶ ለሱፐርቫይዘሩ ያቀርባል።

ምዕራፍ ሁለት፦ በሥራ ላይ መመዘን። ይህ ምዕራፍ የሚከናወነው በቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ ታካሚዎችን እያስተናገዱ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ባለሙያው ታካሚ ሲያነጋግር ይመለከታል፤ የአካል ምርመራ ክህሎቱን ይመዝናል፤ በተስተናገዱ ጉዳዮች ላይ አብሮት ይወያያል፤ ለምን እንዲህ እንደወሰነም ይጠይቀዋል። የሥራ ባልደረቦችና የታካሚዎች አስተያየትም በምዘናው ውስጥ ይካተታል። የሱፐርቫይዘርነቱን ኃላፊነት የሚወስደው ለዚሁ የተዘጋጀውን ሥልጠና ያጠናቀቀ የቤተሰብ ሐኪም ወይም የላቀ ባለሙያ ነው።

ሁለቱን ምዕራፎች በሁለት መንገዶች ማጠናቀቅ ይቻላል። አንደኛው ዩኒቨርሲቲዎች በደረጃ 7 የሚሰጡትን ትምህርት ተከታትሎ ማለፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሥራ ልምድና በልዩ ልዩ ሥልጠናዎች የተገኘውን ብቃት በማስረጃ ማኅደር ማረጋገጥ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢኬድ የሚጠየቀው ብቃት አንድ ነው፤ በሥራ ላይ የሚደረገው ምዘናም አይቀርም።

ወደ ላቀ ባለሙያነት ማደግ

የመጀመሪያ ተቀባይነት የሥልጠናው መጨረሻ አይደለም። ባለሙያው ከፈለገ የላቀ ባለሙያ ወደሚባለው እርከን ሊያድግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ብሔራዊ ማዕቀፍ የላቀ ባለሙያነትን በአራት ምሰሶዎች ያቆመዋል፦ ክሊኒካዊ ሥራ፣ አመራርና አስተዳደር፣ ትምህርት፣ ምርምር። ለዚህ እርከን በአብዛኛው ሙሉ የማስተርስ ዲግሪ ይጠየቃል። በእንግሊዝ ሙሉ ማስተርስ 180 ክሬዲት ሲሆን፣ 60 ክሬዲት ያጠናቀቀ የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት፣ 120 ክሬዲት ያጠናቀቀ ደግሞ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ያገኛል። በዚህም የተነሣ ትምህርቱን ከሥራ ጋር አጣምሮ በየደረጃው መከታተል ይቻላል።

ባለሙያው ምን ማድረግ ይችላል? ምንስ አይችልም?

ተገልጋዮች ብዙ ጊዜ የሚጠይቋቸው ሁለት ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው መድኃኒት ማዘዝን ይመለከታል። በእንግሊዝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በተሻሻለው ሕግ መሠረት በራሳቸው ውሳኔ መድኃኒት ማዘዝ ይችላሉ። ይህ ግን ሁሉንም ባለሙያ አይመለከትም። ለዚሁ የተፈቀደውን ሥልጠና ያጠናቀቀና ይህም በምክር ቤቱ መዝገብ ላይ የተመለከተለት ባለሙያ ብቻ ነው የሚያዝዘው። ስለዚህ የመጀመሪያ ተቀባይ ፊዚዮቴራፒስቱ መድኃኒት ባያዝ፣ ለታካሚው መድኃኒት ተከልክሏል ማለት አይደለም። ጉዳዩ በዚያው ክሊኒክ ላለ ሐኪም ወይም ማዘዝ ለተፈቀደለት ሌላ ባለሙያ ይተላለፋል።

ሁለተኛው ከሥራ መቅረትን የሚመለከት ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ፊዚዮቴራፒስቶች የታካሚውን የሥራ ብቃት የሚገልጽ የሕመም ማስረጃ ፈርመው መስጠት ይችላሉ። ማስረጃው የሚጠየቀው ከሥራ የቀሩበት ጊዜ ከሰባት ቀን ሲበልጥ ነው። እስከ ሰባት ቀን ላለው ጊዜ ሠራተኛው መታመሙን ራሱ ያሳውቃል።

ችላ ሊባሉ የማይገቡ የአደጋ ምልክቶች

አብዛኛው የወገብ ሕመም ለሕይወት የሚያሰጋ አይደለም፤ በጊዜና በእንቅስቃሴም ይሻላል። ይሁን እንጂ በሥልጠናው ሰፊ ቦታ የተሰጣቸው አራት ከባድ የአከርካሪ ችግሮች አሉ። እነርሱም በወገብ በታችኛው ክፍል የሚገኘው የነርቭ ሥሮች ጥቅል መጨፍለቅ፣ የአከርካሪ ስብራት፣ ካንሰርና ኢንፌክሽን ናቸው።

ከወገብ ሕመም ጋር ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል፦

- በመቀመጫ፣ በብልትና በጭን ውስጠኛ ክፍል ዙሪያ መደንዘዝ፤
- ሽንት መሽናት መቸገር ወይም ሽንትንና ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፤
- በሁለቱም እግሮች ላይ የሚታይ ወይም እየባሰ የሚሄድ ድካም፤
- ከመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ብርቱ ሕመም።

የሚከተሉት ደግሞ ሳይዘገይ በባለሙያ መታየት የሚገባቸው ናቸው፦

- ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ፤
- ሌሊት የሚብስና በዕረፍት የማይታገሥ ሕመም፤
- ቀደም ሲል በካንሰር የታመመ ሰው ላይ አዲስ የመጣ የአጥንት ሕመም፤
- ለረጅም ጊዜ የስቴሮይድ መድኃኒት በሚወስድ ወይም አጥንቱ በሳሳ ሰው ላይ ድንገት የጀመረ የወገብ ሕመም።

በእንግሊዝ ለሕይወት አስጊ ለሆነ ድንገተኛ ችግር 999፣ አስቸኳይ ሆኖ ለሕይወት አስጊ ላልሆነ ጉዳይ ደግሞ 111 ይደወላል።

ተገልጋዩ ለቀጠሮው እንዴት ይዘጋጅ?

በእንግሊዝ ቀጠሮው የሚያዘው በተመዘገቡበት የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክ በኩል ነው። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛው ስለ ሕመሙ አጭር ጥያቄ የሚያቀርበው ተገቢውን ባለሙያ ለመምረጥ ነው። ታካሚው ወደ ፊዚዮቴራፒስት ሲመራ ሐኪም እንደተነፈገ ሊቆጥረው አይገባም፤ ሐኪም ማየት ካስፈለገ ባለሙያው ራሱ ያስተላልፈዋል።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚያስቸግራቸው ተገልጋዮች ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብላቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ አገልግሎቱ ለታካሚው ከክፍያ ነፃ ነው። በተለይ ከላይ የተዘረዘሩትን የሽንት፣ የሰገራና የብልት አካባቢ ምልክቶች በልጅ ወይም በዘመድ አስተርጓሚነት ለመናገር ብዙዎች ያፍራሉ። ሳይነገር የቀረው ምልክት ግን ለምርመራው ወሳኙ ሊሆን ስለሚችል በሙያው የሠለጠነ አስተርጓሚ መጠየቁ ይመረጣል።

ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር መያዝ፣ ሕመሙ መቼና እንዴት እንደጀመረ ማስታወስ፣ ቀደም ሲል የነበሩ ሕመሞችን መናገርና ለምርመራ አመቺ ልብስ መልበስ ጠቃሚ ነው። ከመሰናበት በፊትም ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይገባል፦ ሕመሜ ምንድን ነው? በምን ያህል ጊዜ ሊሻለኝ ይገባል? ምን ምልክት ካየሁ ልመለስ? የባለሙያውን ምዝገባ ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው የምክር ቤቱን መዝገብ ያለ ክፍያ መመልከት ይችላል።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ አንጻር

እስካሁን የተገለጸው የመጀመሪያ ተቀባይነት ሥልጠና የእንግሊዝ አሠራር ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የሚሰጠው በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በላይ አጠቃላይ ሆስፒታሎችና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት በአብዛኛው የሚገኘው በሆስፒታሎች ሲሆን፣ ሙያውን በዲግሪ ደረጃ ከሚያስተምሩ ተቋማት አንዱ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሕመምተኛውን በቅድሚያ የሚያየው ሰው ማንነት በሀገራችንም ትልቅ ክብደት አለው። አጥንቱ የተሰበረ ወይም መገጣጠሚያው የወለቀ ሰው በቅድሚያ ወጌሻ ዘንድ መሄዱ የተለመደ ነው። በጣም ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም እንዳይዘዋወር አግዶ አካልን እስከ መቁረጥ ያደርሳል። ከእሰራት በኋላ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እሰራቱን ወዲያው ማላላትና ታካሚውን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከፍተኛ ከሆነባቸው ሀገሮች መካከል ትመደባለች። በሽታው አከርካሪን ሲያጠቃ ቀስ በቀስ የሚብስ የወገብ ወይም የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ያስከትላል፤ በጊዜ ካልታከመም ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርንም ሊያሽመደምድ ይችላል። በመሆኑም ለሳምንታት የዘለቀ የጀርባ ሕመም ከእነዚህ ምልክቶች ጋር ከመጣ ከመታሸት ወይም ከእንቅስቃሴ ሕክምና በፊት ምርመራ ሊደረግ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የተካሄደው 76ኛው የዓለም ጤና ጉባኤ፣ የተሐድሶ ሕክምና ከመጀመሪያ ደረጃ አንሥቶ በሁሉም የጤና አገልግሎት እርከኖች እንዲካተት አባል ሀገራትን የሚያሳስብ ውሳኔ አሳልፏል። ፊዚዮቴራፒ የዚህ ሕክምና አንድ አካል ነው።

በእንግሊዝ መሥራት ለሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች

ከእንግሊዝ ውጪ የተማረ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በቀጥታ ወደ መጀመሪያ ተቀባይነት ሥራ አይገባም። በቅድሚያ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃውን ለጤናና ክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት አቅርቦ ማስገምገም፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታውን ማረጋገጥና መመዝገብ አለበት። ከዚያም በሀገሪቱ የጤና ሥርዓት ውስጥ ልምድ ካካበተ በኋላ የምዕራፍ አንድ ማስረጃ ማኅደሩን ማደራጀት ይጀምራል። ከመጀመሪያ ዲግሪ አንሥቶ የተከታተላቸውን ሥልጠናዎች፣ የሠራባቸውን ክፍሎችና የተሰጡትን የግምገማ ሰነዶች ከወዲሁ በሥርዓት የያዘ ባለሙያ በማመልከቻው ጊዜ ብዙ ድካም ይቀንስለታል።